ለሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ የሚታመን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የቱ ነው?

ማህደር፦

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ትንሽ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሊገዛ ነውና ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ቀረጻው ፎርኬ ነው፤ ካሜራዎቹ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይጽፋሉ። ከአንድ ሰርግ የሁሉም ካሜራ ተደምሮ 3 ሰዓት ያህል ጥሬ ምስል ይወጣል፣ ወደ 135 ጊጋ መሆኑ ነው። በተራ ወር 3 ሰርግ አለ፤ ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ግን በወር እስከ 8 ይደርሳል። ጥሬው 6 ወር ተቀምጦ ይጠፋል። ያለቀው ፊልም፣ በግምት 18 ጊጋ፣ ለዘለቄታው ይያዛል። ኤዲቲንጉ በዊንዶውስ ዴስክቶፕ ሲሆን አልፎ አልፎ ማክቡክ ላይም ይከፈታል። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል።

ገበያው ላይ አዳፕተር ሳይፈልጉ የሚሠሩት ትንንሾቹ በ2፣ በ4 እና በ5 ቴራ አሉ፤ አዳፕተር ያላቸው ትልልቆቹ አሉ፤ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው) አለ፤ በጣም ርካሽ የሆነ «16 ቴራ» የሚልም አለ። የትኛውን ዓይነት፣ የትኛውን ብራንድ ትመክራላችሁ? ሱቅ ውስጥስ ምን አይቶ ነው የሚገዛው?

ጥሬ_ዳታ፦

ማህደር፣ የብራንዱ መልስ አጭር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ዛሬ በዓለም ላይ ሃርድ ዲስክ የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፤ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። የሳምሰንግ የሃርድ ዲስክ ሥራ በ2011 ለሲጌት ተሸጧል፣ የሂታቺው በ2012 ወደ ዌስተርን ዲጂታል ገብቷል። ላሲም የሲጌት ነው። ሽፋኑ ላይ ትራንሰንድ ወይም ኤዳታ ቢል ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ከሦስቱ የአንዱ ነው፤ የሚለየው ፕላስቲኩና ትንሿ የዩኤስቢ ሰሌዳ ናት።

«የትኛው ቶሎ አይበላሽም» ለሚለው ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የባክብሌዝን ቁጥር ነው። ይህ የአሜሪካ የክላውድ ማከማቻ ኩባንያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮች አሉት፤ በዓመት የተበላሹትን በ2023 1.70 በመቶ፣ በ2024 1.57 በመቶ ብሎ አውጥቷል። በደፈናው ከ60 ዲስክ አንዱ በዓመት ይሞታል ማለት ነው። ነገር ግን እነዚያ በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ሳይነቃነቁ የሚሠሩ ትልልቅ ባለ 3.5 ኢንች ዲስኮች ስለሆኑ፣ በቦርሳ ለሚዞረው ባለ 2.5 ኢንች ምንም አይነግሩንም። በዚያ ላይ በአንድ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ በሁለት ኩባንያዎች መካከል ካለው ይበልጣል። ስለዚህ ብራንድ ለመምረጥ ብዙ አትድከሚ። ድካሙ የሚገባው የአጻጻፉን ዓይነት ለመለየት ነው።

ሃርድ ዲስክ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለው። አንደኛው ሲኤምአር ነው፤ መስመሮቹ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መጻፍ ይቻላል። ሁለተኛው ኤስኤምአር ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ በጠርዝ ይደራረባሉ። ከሥር ያለውን ቆርቆሮ ለመቀየር ከላይ ያሉትን መንቀል እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ እዚህም አንዲት ፋይል ለመለወጥ ዲስኩ ሙሉውን ክፍል አንብቦ እንደገና ይጽፋል። አዲስና ባዶ ሲሆን አያስታውቅም፤ በሰከንድ 120 ሜጋባይት ይሄዳል፣ 135 ጊጋሽ በ19 ደቂቃ ያልቃል። ሞልቶ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ሲጻፍበት ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ጊዜያዊ ቦታው ሲሞላ ወደ 25 ሜጋባይት ሊወርድ ይችላል፣ ያው ሰርግ 90 ደቂቃ ይፈጃል። በየስድስት ወሩ ጥሬ እየሰረዙ አዲስ መጫን ለኤስኤምአር የመጨረሻው መጥፎ አጠቃቀም ነው።

ባለ 2.5 ኢንች ከሆኑት ውስጥ 2 ቴራና ከዚያ በላይ የሆኑት ዛሬ በአብዛኛው ኤስኤምአር ናቸው፤ ካርቶኑ ላይ ግን አይጻፍም። ባለ 3.5 ኢንቾቹን ግን በስም መለየት ይቻላል። በ2020 ተጠቃሚዎች ብዙ ካማረሩ በኋላ አምራቾቹ የትኛው ሞዴል የትኛው እንደሆነ ይፋ አድርገዋል። የሲጌት አይረንዎልፍ፣ የዌስተርን ዲጂታል ሬድ ፕላስ እና የቶሺባ ኤን300 ሲኤምአር ናቸው። «ፕላስ» የሌለበት ተራው ሬድ ከ2 እስከ 6 ቴራ ባለው ኤስኤምአር ነው። ከባራኩዳ ባለ 3.5 ኢንቾችም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ሻጩ «ያው ነው» ቢልሽ ያው አይደለም።

አሁን ሒሳቡ። ስድስት ወር ውስጥ አራቱ ተራ፣ ሁለቱ የሰርግ ወር ናቸው እንበል፤ 28 ሰርግ፣ 3.8 ቴራ ጥሬ። በዓመት 40 ሰርግ ቢሠራ ያለቀው ፊልም 720 ጊጋ ይጨምራል። ባለ 8 ቴራ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 7.27 ብሎ ነው የሚታየው፤ ይህ ማጭበርበር ሳይሆን አምራቹ በ1,000 ሲያካፍል ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚያካፍል ነው። ከዚያ ላይ 10 በመቶ ባዶ ቢተው ለሦስት ዓመት ይበቃሻል። ስለዚህ ምክሬ ሁለት ባለ 8 ቴራ፣ ባለ 3.5 ኢንች፣ ሲኤምአር ዲስክ ገዝቶ በዩኤስቢ ቤት (ዲስኩ የሚገባበት ሳጥን) ውስጥ መጠቀም ነው። አንድ ብቻ ለመግዛት ከሆነ የቱም አይታመንም።

ሽቦና_ብየዳ፦

ጥሬ ዳታ ያለው ትክክል ነው፤ ለጥገና የሚመጣው ዲስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ደህና ሆኖ ኤሌክትሪኩና ሶኬቱ የገደለው ስለሆነ እሱን ልጨምር።

ትንንሾቹ ባለ 2.5 ኢንች የሚጠጡት ከዩኤስቢው ብቻ ነው። ዩኤስቢ 2.0 በ5 ቮልት 500 ሚሊአምፒር፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፒር ይሰጣል። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ለአፍታ ወደ 1 አምፒር ይጠጋል፤ ከዚያ ወደ ግማሹ ይወርዳል። የዴስክቶፑ የፊት ፖርት፣ አዳፕተር የሌለው ሃብ ወይም ቀጭን ባለ 1 ሜትር ተኩል ኬብል ሲጨመርበት ቮልቱ ይወርዳል፣ ዲስኩ መነሳት ያቅተዋል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል። ብዙ ሰው «ዲስኩ ሞተ» ብሎ የሚያመጣው ይህንን ነው። ከ50 ሳንቲሜትር ያልበለጠ ወፍራም ኬብል፣ በቀጥታ ከማዘርቦርዱ የኋላ ሰማያዊ ፖርት ጋር። ሌላ ነገር ከመጠርጠር በፊት ይህ ይሞከር።

ሁለተኛው ሶኬቱ ነው። ሰፊውና ጠፍጣፋው ማይክሮ ቢ የሚባለው የዩኤስቢ 3.0 ሶኬት ደካማ ነው፤ ኬብሉ ወደ ጎን ሲጎተት ከሰሌዳው ይነቀላል። በዚህ ጊዜ ልዩነቱን የሚፈጥረው ውስጡ ነው። የሲጌት ትንንሽ ኤክስተርናሎች በአብዛኛው ውስጣቸው መደበኛ የሳታ (ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ የተለመደ መሰኪያ ያለው) ዲስክ ነው፤ ትንሿ የዩኤስቢ ሰሌዳ ብትሞት ዲስኩ ወጥቶ ሌላ ሳታ ኬብል ላይ ይነበባል። የዌስተርን ዲጂታል ማይ ፓስፖርትና ትንሹ ኤለመንትስ ግን የዩኤስቢው ሶኬት በራሱ በዲስኩ ሰሌዳ ላይ ነው የተበየደው፤ ሳታ የለውም። የቶሺባ ካንቪዮም ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው። ማይ ፓስፖርት ላይ ሌላም አለ፤ የይለፍ ቃል ባታስገቢም ዳታው በሃርድዌር ተመስጥሮ ስለሚጻፍ ሰሌዳው ሲቃጠል ዲስኩን አውጥቶ ማንበብ ተራ ሥራ አይሆንም። ይህ ማለት ዲስኩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ሶኬቱን እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ስለ መብራት። ባለ 3.5 ኢንቹ 12 ቮልት፣ ከ1.5 እስከ 2 አምፒር የሚሰጥ አዳፕተር ያስፈልገዋል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ማንበቢያው ሄድ በዲስኩ ቀሪ ሽክርክሪት ጉልበት ራሱን ወደ ማረፊያው ይመልሳል፤ ተሠርቶለታል። ግን ከመደበኛው አወራረድ የከበደ ስለሆነ ቁጥሩ እየበዛ ሲሄድ ያደክመዋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በዚያች ሰከንድ እየተጻፈ የነበረው ፋይል ነው። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ይግባ፤ ኮምፒውተሩም የዲስኩ አዳፕተርም ሁለቱም ከእሱ ላይ ይሰኩ። ዲስኩን ከተራ ዲቫይደር ላይ፣ ኮምፒውተሩን ከዩፒኤስ ላይ የሚሰኩ ብዙ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ዲስኩ ሲጠፋ ፋይሉ መበላሸቱ አይቀርም። ዩፒኤስ ከሌለ መብራት ሲመለስ ቮልቱ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ አገር ሲነሳ አልሰማም። ተራው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ሄዱ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሄዱ ወደ ዲስኩ ይቀርባል። አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ ብዙውን ጊዜ 3,048 ሜትር ነው። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ችግር የለም፤ እንጦጦ አናት ላይ ወይም ሰሜን ተራሮች ካምፕ ውስጥ ቀረጻ ካለ ግን እዚያ ኤስኤስዲ ብቻ ይከፈት። ጠፍቶ በአውሮፕላን መጓዙ ምንም አይለውም። በሂሊየም ተሞልተው የታሸጉት ትልልቆቹ ዲስኮችም ከውጭ አየር ጋር አይገናኙም።

ደጀን_ባይት፦

«16 ቴራ» ስለሚለው አጥብቄ ልናገር። አትግዙት። ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ለዓመታት ከ5 ቴራ አልፎ አያውቅም ነበር፤ በ2024 ዌስተርን ዲጂታል 6 አድርሶታል። ስለዚህ በኪስ የሚገባ ሃርድ ዲስክ ሆኖ 8፣ 10 ወይም 16 ቴራ የሚል ሁሉ ሐሰት ነው። ትንሽ ኤስኤስዲ ሆኖ 8 ቴራ የሚይዝ እውነተኛ አለ፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው።

የሐሰተኛው አሠራር ይህ ነው። ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ወይም ርካሽ ፍላሽ አለ፤ ቺፑ ለዊንዶውስ 16 ቴራ ነኝ ብሎ እንዲናገር ተደርጓል። የመጀመሪያዎቹ 30 ወይም 60 ጊጋዎች በትክክል ይጻፋሉ። ከዚያ በኋላ ያለው በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ወደ የትም አይገባም። የፋይሎቹ ስምና መጠን በደንብ ይታያል፣ ሲከፈቱ ግን ባዶ ናቸው። ሰው የሚያውቀው ሙሽሮቹ ቪዲዮውን ሲጠይቁ ነው። አንዳንዱ እንዲከብድ ውስጡ ብረት ይለጠፍበታል፤ ስለዚህ ክብደት ብቻውን አያድንም። ቢሆንም ለማነጻጸር፣ እውነተኛው ባለ 1 ቴራ 120 ግራም አካባቢ ነው፣ ባለ 4ና 5 ቴራው 210 ግራም አካባቢ።

ሱቅ ውስጥ ላፕቶፕ ይዘሽ ሂጂ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነሽ። ዲስኩን ሰክተሽ የምታይው፦ የበራበት ሰዓት ዜሮ ወይም ጥቂት ይሁን፤ የበራበት ብዛትም እንዲሁ። ለብቻው በሚሸጥ ዲስክ ላይ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ሲሪያል ቁጥር ከተለጠፈው ወረቀትና ከካርቶኑ ጋር ይመሳሰል። ትንሹ የዌስተርን ዲጂታል ላይም ካርቶኑና ዲስኩ ካልገጠሙ መልሺው። ከዚያ ወደ ዝርዝሩ፤ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚባሉት መስመሮች ጥሬ ቁጥራቸው ዜሮ መሆን አለበት። 05 የተበላሸ ቦታ በመጠባበቂያ መተካቱን፣ ሲ5 ማንበብ አቅቶት የተጠረጠረ ቦታ መኖሩን፣ ሲ6 ደግሞ ተሞክሮ ያልዳነውን ነው የሚናገሩት። አዲስ ተብሎ በተሸጠ ዲስክ ላይ አንድም ቢሆን አይቀበሉትም። ሲ7 ብቻ ካደገ ጥፋቱ የኬብል ነው። ቁጥሮቹ በአሥራ ስድስት መሠረት ስለሚወጡ ከምናሌው ወደ አሥር መሠረት መቀየሩን አትርሺ፤ ካልሆነ «10» የሚለው 16 መሆኑ ነው።

ይህ ግን ለሐሰተኛው በቂ አይደለም። ቫሊድራይቭ የሚባለው መሣሪያ በዲስኩ ላይ በተበታተኑ ቦታዎች እየጻፈ መልሶ ያነባል፤ ሐሰተኛውን በጥቂት ደቂቃ ያጋልጣል። ሱቅ ውስጥ እሱን፤ ቤት ስትደርሺ ደግሞ ሙሉውን ፈተና። በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው፣ በማክና በሊኑክስ ኤፍ3። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው መልሰው እያነበቡ ያመሳክራሉ። ባለ 8 ቴራ በአማካይ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሄድ ለመጻፍ 15 ሰዓት፣ ለማንበብ 15 ሰዓት ነው። በዩኤስቢ 2.0 ፖርት ከሰካሽው ለመጻፍ ብቻ 63 ሰዓት ስለሚሆን ፖርቱን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ፈተናው ሲያልቅ 05፣ ሲ5 እና ሲ6ን እንደገና እይ፤ ሁሉም ዜሮ ከሆኑ ዲስኩ ሥራ ይጀምር። ደካማ ዲስክ ብዙ ጊዜ በዚህ ፈተና ወቅት ነው የሚወድቀው፣ ያውም ምንም ሳይጫንበት።

ለሻጩ ከመክፈልሽ በፊት ደረሰኙ ላይ ሲሪያል ቁጥሩን አስጽፊ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚለወጥም። ሁለት ቀን የማይፈቅድ ሻጭ ስለ ዕቃው አንድ ነገር ያውቃል።

ማህደር፦

በጣም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ነገር ተስተካከለልኝ። እንግዲያው ሁለት ባለ 3.5 ኢንች ይሁን። አራት ነገር ቀረኝ። ዲስኩን ከላይ የሚሰካበት ዶክ ይሻላል ወይስ የተዘጋ ቤት? ፎርማቱ ምን ይሁን? ዘመድ ከአሜሪካ እየመጣ ስለሆነ ከዚያ ቢያመጣውስ? ኤስኤስዲ ጭራሽ አያስፈልግም ማለት ነው?

ጥሬ_ዳታ፦

ዶክ ለአንቺ ሥራ ይመቻል፤ ሁለቱን ዲስክ እየቀያየርሽ ትሰኪያለሽ፣ ክፍት ስለሆነም ይቀዘቅዛል። ፋን የሌለው የተዘጋ ቤት ውስጥ ለሰዓታት ሲጻፍ ሙቀቱ በቀላሉ 50 ዲግሪ ያልፋል፤ 55 ካየሽ አቁሚው። የዶክ ጉዳቱ መነካቱ ነው፤ እየተሽከረከረ ያለ ባለ 3.5 ኢንች ገፋ ቢደረግ ሄዱ ዲስኩን ሊፍቅ ይችላል። ከጠረጴዛው ጥግ ራቅ አድርጊው፤ ካጠፋሽው በኋላም ሽክርክሪቱ እስኪቆም ግማሽ ደቂቃ ጠብቀሽ ንቀዪ።

ዶክ ስትገዢ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ሁለት ቀዳዳ ያላቸው ላይ «ክሎን» የሚል ቁልፍ አለ። ያለ ኮምፒውተር አንዱን ዲስክ በሌላው ላይ ይገለብጣል፤ በስህተት ተጭኖ አቅጣጫው ከተሳሳተ ባዶው በሞላው ላይ ይጻፋል። ነጠላ ቀዳዳ ያለውን እመርጣለሁ። ሌላው፣ አሮጌ ዶኮች ከ2 ቴራ በላይ አያነቡም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ለማንበብ ሲሉ የዲስኩን አከፋፈል በራሳቸው ይተረጉማሉ፣ ዲስኩ ሌላ ዶክ ላይ ሲሰካ «ፎርማት ይደረግ?» ይላል። እሺ አትበዪ። ዳታው አለ፤ ወደ መጀመሪያው ዶክ መልሺው።

ፎርማት፦ ኤዲቲንጉ በዊንዶውስ ስለሆነ ኤንቲኤፍኤስ። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ይህ ወሳኝ ነው፤ ኤንቲኤፍኤስ የሚያደርገውን አስቀድሞ በማስታወሻ ስለሚይዝ ከመቋረጥ በኋላ ራሱን ያስተካክላል። ኤክስፋት ያ የለውም፤ ዝርዝሩ ሲበላሽ ሙሉ ፎልደር ሊሰወር ይችላል። ማኩ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል፣ አይጽፍበትም፤ ለማየት ይበቃል። ከማክ ወደ ዊንዶውስ የሚመላለስ ሥራ በትንሽ ኤስኤስዲ ላይ በኤክስፋት ይሁን። ፋት32ን ከ4 ጊጋ የበለጠ ፋይል ስለማይዝ እርሺው።

ሚኒሶታ_ነዋሪ፦

ከአሜሪካ መምጣቱ ጥሩ ነው፤ ግን ዘመድሽ ከመብረሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይግዛው። ሙሉው ፈተና እዚሁ ይደረግ፤ ፈተናውን ካላለፈ በቀላሉ የሚለወጠው እዚህ እያለ ነው። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ለአንድ ዲስክ ተመልሶ የሚላክ የለም።

በኦንላይን ሲገዛ የሚሸጠው ራሱ ድርጅቱ ነው ወይስ በእሱ ገጽ ላይ የሚነግድ ሌላ ሰው? ይህ ይታይ። በ2025 መጀመሪያ አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት የዳታ ማዕከል ዲስኮች በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ያገለገሉ ሆነው ተገኝተዋል። ስማርት የሚባለው የዲስኩ የጤና መዝገብ ቆጣሪ ወደ ዜሮ ተመልሶ ስለነበር ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ብቻውን አያሳይም። ያጋለጣቸው ፋርም የተባለው የሲጌት ውስጣዊ መዝገብ ነው፤ ስማርትሞንቱልስ የተባለው ፕሮግራም ከ7.4 ጀምሮ ያነበዋል። አይረንዎልፍ ከተገዛ የሁለቱ መዝገቦች ሰዓት መግጠሙ ይታይ። «ታድሶ የተሸጠ» ተብሎ በግልጽ የተጻፈበት ዕቃ ሐቀኛ ነው፤ ለሁለተኛው ቅጂ ብዙዎች ይወስዱታል፤ እኔ ግን ለሁለቱም አዲስ እመክራለሁ፣ የሰው ሰርግ ስለሆነ።

ሲሪያል ቁጥሩ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይግባና የዋስትናው ዘመንና አገር ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ዋስትናው ለተሸጠበት አካባቢ ብቻ ነው። አዳፕተሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ካለ በ220 ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ አይሰካ። በጉዞ ላይ ዲስኮቹ ከነፀረ ስታቲክ ቦርሳቸው በልብስ ተጠቅልለው በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ታች የሚጫነው ሻንጣ ይወረወራል።

ቆራጭና_ቀጣይ፦

የኤስኤስዲውን እኔ ልመልስ፤ ኤዲቲንግ ስለሆነ።

ካርድ ለመገልበጥ ከሆነ ኤስኤስዲ የሚያፋጥንልሽ ነገር የለም። የካሜራው ካርድ ዩኤችኤስ አንድ ከሆነ ጣሪያው በሰከንድ 104 ሜጋባይት ነው፣ በተግባር 90 አካባቢ፤ 135 ጊጋ ወደ ምንም ቢገለበጥ 25 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ ኤዲቲንግ ላይ ነው። ሦስት ካሜራ አንድ ላይ ሲጫወት ፍሰቱ በሰከንድ 38 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ይችለዋል፤ ነገር ግን ሄዱ በሦስት ፋይል መካከል ሲዘል፣ ታይምላይኑ ወዲያ ወዲህ ሲጎተት ይንገዳገዳል። ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲ እየተሠሩ ላሉት አምስት ስድስት ሰርጎች ይበቃል። ሲገዛ ቲኤልሲ (በአንድ ሴል ሦስት ቢት የሚጽፍ) ይመረጥ፤ ርካሾቹ ኪውኤልሲዎች (አራት ቢት የሚጽፉት) ፈጣኑ ቦታቸው ሲሞላ አንዳንዶቹ ከሃርድ ዲስክ በታች ይወርዳሉ። ኤስኤስዲን መዝገብ ቤት አታድርጉት። ያለ ኤሌክትሪክ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ የያዘው ቻርጅ ቀስ በቀስ ይፈሳል፤ መለኪያው ዕድሜውን ለጨረሰ ተራ ኤስኤስዲ በ30 ዲግሪ አንድ ዓመት ነው። አዲሱ ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ቢሆንም የዘለቄታ ሥራ የሃርድ ዲስኩ ነው።

አገለባበጡ ከዕቃው ይበልጣል። ከሰርግ እንደተገባ ካርዱ ቴራኮፒ በሚባለው ፕሮግራም ወደ መጀመሪያው ዲስክ ይገለበጥ፣ ቬሪፋይ (ማመሳከሪያው) በርቶ። ሁለተኛውም ከካርዱ እንጂ ከመጀመሪያው ዲስክ አይገልበጥ፤ የመጀመሪያው ላይ የተበላሸ ካለ ስህተቱ ወደ ሁለተኛው እንዳይተላለፍ ነው። ሁለቱም አረንጓዴ ካሳዩ በኋላ ካርዱ ካሜራው ውስጥ ፎርማት ይደረግ። ሁለተኛው ዲስክ ያን ዕለት ከስቱዲዮው ይውጣ። ሌባም እሳትም ሁለቱን እንዳያገኝ መኖሪያ ቤት ይደር። ጥሬውን ወደ ክላውድ መላክ በ10 ሜጋቢት መስመር ለአንድ ሰርግ 30 ሰዓት ስለሚፈጅ አይሆንም፤ ያለቀው 18 ጊጋ ግን በ4 ሰዓት ይሄዳል፣ ሌሊት ላይ ይላክ።

ዲስኩ ከቢሮ ወደ ቤት ስለሚመላለስ ይቆለፍ። የቤተሰብ ገመና ነው ያለበት። ዊንዶውሱ ፕሮ ከሆነ ቢትሎከር አለ (የተቆለፈው ዲስክ ግን ማኩ ላይ በቀጥታ አይከፈትም)፤ ባለ 48 አሃዝ የመመለሻ ቁልፉ በወረቀት ታትሞ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ወረቀቱ ከዲስኩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ካለ አልተቆለፈም፣ ከጠፋ ደግሞ እናንተም አትከፍቱትም።

ሽቦና_ብየዳ፦

አንድ ልጨምር፣ ሰው ተደናግጦ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ። ሁለተኛው ቅጂ ኖሮም ቢሆን ዲስኩ ከተንቀረፈፈ፣ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ ከፈጀ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ቢጫ ካሳየ ወይም ሲ5 ከዜሮ ከተነሳ ቼክ ዲስክ አታስኬዱ። ቼክ ዲስክ የፋይል ዝርዝርን ነው የሚያስተካክለው፤ በሚሞት ዲስክ ላይ ሲሄድ ያልተነበበውን እንደሌለ ቆጥሮ ይቆርጣል፣ ሄዱንም ለሰዓታት ያለፋዋል። መጀመሪያ የሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ፋይል ካለ እሱ ብቻ ይውጣ፣ ከዚያ ዲስኩ ይነቀል። ብዙ ዳታ ካለ በሊኑክስ ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ምስሉ ይወሰድ፤ ደህናውን ቀድሞ አውጥቶ የታመመውን ክፍል ለመጨረሻ ያቆየዋል።

በጥሩ ኬብልና በኋላ ፖርት ተሰክቶም ቀጭ ቀጭ ካለ ደግሞ ሄዱ ነው። ያኔ አንድ ጊዜም እንደገና አይሰካ። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት፣ መታ መታ ማድረግ፣ ክዳኑን ከፍቶ ማየት የሚባለው ሁሉ የቀረውን ይጨርሰዋል፤ ከፀጉር በብዙ የቀጠነ ክፍተት ላይ ለሚንሳፈፍ ሄድ የክፍሉ አቧራ ድንጋይ ነው። ዲስኩ ላይ «አይሰካ» ተብሎ ይጻፍበትና፣ አዲስ ተገዝቶ ከሁለተኛው ቅጂ በዚያው ቀን ይገልበጥ። ያ ሁለተኛው እስኪገለበጥ ድረስ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ በሚነበብበት ሰዓት ሌላ ሥራ አይሠራበት፣ ዩፒኤሱም ባትሪው መሙላቱ አስቀድሞ ይታይ።